ከጀማሪ ፓድልቦርድ ወደ ሞገድ ቦርድ፦ ስንት ሊትር ልቀንስ?

ጸደይ

ሰላም ለሁላችሁም። አሁን ቆሜ የምቀዝፍበት ቦርድ (ፓድልቦርድ) 10 ጫማ ከ6 ኢንች ርዝመት፣ 32 ኢንች ወርድና 180 ሊትር ይዘት ያለው ነው። ጠንካራ ነው፣ በአየር የሚነፋ አይደለም። ከሥሩ ባለ 9 ኢንች የመሃል ፊን (ውሃ ውስጥ የሚገባ ክንፍ) እና ሁለት ባዶ የጎን ፊን ማስገቢያዎች አሉት። ክብደቴ 70 ኪሎ፣ ቁመቴ 1.70 ሜትር፣ መቅዘፊያዬ 1.95 ሜትር። ወገብ የማይደርስ ሞገድ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ዳር መውረድ አያስቸግረኝም። ልታጠፍ ስል ግን ቦርዱ እሺ አይልም፤ ጠርዙን ውሃ ውስጥ ላስገባ ብጫነውም መልሶ ይገፋኛል። ሞገዱ ትንሽ ቀጥ ካለ ደግሞ አፍንጫው ይሰካል።

አንድ ያገለገለ 8 ጫማ ከ2 በ28 ኢንች፣ 98 ሊትር ቦርድ ተገኝቷል። ሻጩ «መሃል ላይ ያለውን መጠን ከገዛሽ ሁለቴ ታወጪያለሽ፤ በአንዴ ዝለይና ተገላገይ» ነው የሚለው። ልቀንስ የሚገባኝ ርዝመቱን ነው፣ ወርዱን ነው ወይስ ሊትሩን? መቅዘፊያውስ አብሮ ይቀየራል?

ውሃ ልክ

98ቱን ተዪው፤ ቢያንስ ለጊዜው። ምክንያቱን በሒሳብ ላሳይሽ።

ቦርድ ላይ የተጻፈው ሊትር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ነገር ጭነቱ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። አንቺ 70 ኪሎ፣ የረጠበ ዌትሱት (ለውሃ የሚለበስ የጎማ ልብስ) እና መቅዘፊያ 3 ኪሎ ገደማ፣ ቦርዱ ራሱ 7 ተኩል ቢሆን ጠቅላላው 80 ተኩል ይመጣል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 1.025 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 98 ሊትሩ የሚሸከመው 100 ኪሎ ግድም ነው። ትርፍሽ 20 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። አሁን ያለሽ 180 ሊትር በዚሁ ስሌት፣ ቦርዱን 11 ኪሎ ብንለው፣ 100 ኪሎ ትርፍ አለው። ከ100 ወደ 20 ነው ሻጩ ዝለይ የሚልሽ።

20 ኪሎ ትርፍ ያለው ቦርድ ላይ ስትቆሚ ቦርዱ ውሃው ላይ አይቀመጥም፣ ውሃው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ትንሽ ወደ ጎን ካጋደልሽ አንዱ ጠርዝ ይሰጥማል፤ ከሰጠመ በኋላ ደግሞ ውሃው ላዩ ላይ ስለሚተኛ መመለሱ ይከብዳል። መቅዘፍ ስታቆሚ ይብስበታል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቦርድ ግማሽ መረጋጋቱን የሚያገኘው ከፍጥነት ነው። ሞገድ የሚጠበቀው ደግሞ ቆሞ ነው።

ወርድን በተመለከተ፦ ቦርድ ለመገልበጥ የሚያሳየው የመጀመሪያ እምቢታ ከርዝመቱ ጋር በቀጥታ ይቀንሳል፤ ከወርዱ ጋር ግን በኪዩቡ ነው የሚቀንሰው፣ ማለትም ወርዱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። 32ን ወደ 28 ስታወርጂ ወርዱ ብቻ ሲሶውን ያህል ይወስድብሻል። ርዝመቱም አብሮ ስላጠረ የሚቀርልሽ በግምት ግማሹ ነው። 9 ጫማ በ30 ቢሆን ግን 70 በመቶው ይቀርልሻል። ስለዚህ ሁለት ኢንች ከወርድ መቀነስ ሁለት ኢንች ከርዝመት ከመቀነስ ጋር አንድ አይደለም፤ ጨርሶ አይገናኝም።

ለአንቺ ክብደት የምለው ርዝመቱ ከ8 ጫማ ከ10 እስከ 9 ጫማ ከ2፣ ወርዱ 30፣ ሊትሩ ከ125 እስከ 135። 130 ሊትር 50 ኪሎ ያህል ትርፍ ይሰጥሻል። የምትቀዝፊበት ውሃ ነፋስ የሚበዛበት ከሆነ ወደ 135ቱ አድዪ። በጨው አልባ ውሃ ከሆነ ደግሞ ለዚሁ ትርፍ ሦስት አራት ሊትር ጨምሪ።

እኩል ሊትር ያላቸው ሁለት ቦርዶች እኩል አለመሆናቸውንም እወቂ። አንዱ ሊትሩን እስከ ጠርዙ አድርሶ ወፍራም ጎን ይሠራል፤ ቆመው ሲጠብቁ ደስ ይላል፣ ሲታጠፉ ግን አሁን ያማረርሽበትን ነገር ይደግመዋል። ሌላው መሃሉን አወፍሮ ጎኑን ያሳሳል፤ እሱ ሞገዱ ፊት ላይ በቀላሉ ይነክሳል፣ ቆመሽ ስትጠብቂ ግን ያወዛውዛል። ለሁለተኛ ቦርድ መሃከለኛውን ፈልጊ። ጅራቱ ደግሞ ሹል ሳይሆን ጠፍጠፍ ብሎ የተቆረጠ ይሁን፤ የኋላ እግርሽ የሚያርፍበት ስፋት ያስፈልግሻል።

ሞገደኛው

የውሃ ልክ ሒሳብ ላይ ክርክር የለኝም፣ ቦርዱንም ግዢ። ግን የጻፍሻቸው ሁለቱም ችግሮች ግማሽ በግማሽ የእግር ናቸው፤ እግሩ ካልተስተካከለ 9 ጫማውም ላይ ተከትለውሽ ይሄዳሉ።

10 ጫማ ከ6 ቦርድ መሃሉ ላይ ቆመው አያጥፉትም። መያዣው (ቦርዱ መሃል ያለው መሸከሚያ) አጠገብ እግር ጎን ለጎን አድርገሽ ስትጫኚው ክብደትሽ የሚያርፈው በጣም ሰፊው፣ ወፍራሙና ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ መልሶ ቢገፋሽ አይገርምም። ከመያዣው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሜትር ከስልሳ አለ። ያንን ርቀት በሁለት አጭር እርምጃ መሄድ ነው የሚጠበቅብሽ።

ሞገዱ ገና ሲቃረብ የፊት እግርሽ መያዣው ጎን፣ የኋላው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሆኖ፣ ጣቶቹ ወደ ጎን የዞሩ ይሁኑ። በዚህ አቋም ቅዘፊ። ጅራቱ ሲነሳና መቅዘፊያው በድንገት ሲቀልልሽ ሞገዱ ይዞሻል ማለት ነው። ያኔ የኋላውን እግር አንድ እርምጃ፣ ከዚያ የፊቱን ትንሽ፣ ከዚያ የኋላውን እንደገና ፊኑ ካለበት ከፍ ብሎ። መዝለል የለም፤ ዘለሽ ካረፍሽበት ጅራቱ ይሰጥምና ቦርዱ ይቆማል፣ ሞገዱም ከሥርሽ አልፎ ይሄዳል። ሞገዱ ሳይይዝሽ ቀድመሽ ወደ ኋላ ብትሄጂም ውጤቱ ያው ነው፦ አፍንጫው ወደ ሰማይ፣ ፍጥነት ዜሮ።

አፍንጫው የሚሰካው ወይ ዘግይተሽ ስለምትነሺ ነው፣ ወይ ቀጥ ብለሽ ወደ ታች ስለምትወርጂ። ቀጥ ያለ ሞገድ ላይ ቦርዱን ከመውረድሽ በፊት 30 ዲግሪ ያህል ወደምትሄጂበት አቅጣጫ አዙሪው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ቀዘፋዎች ከተቃራኒው ጎን ካደረግሻቸው ቦርዱ ራሱ ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ለመሄድ በግራ። ከወረድሽ በኋላ መቅዘፊያውን ወደ መታጠፊያው ጎን፣ ማለትም ወደ ሞገዱ ፊት በኩል አሻግሪና ምላጩን (የመቅዘፊያውን ሰፊ ጫፍ) ውሃው ላይ ደገፍ አድርጊ። መቅዘፊያው ባላሻገሩት ጎን ሲቀር ሰውነት ወደ ዳር ያጋድላል፣ ጠርዙም አይገባም።

ፊኑን ደግሞ ዛሬውኑ መቀየር ትችያለሽ። የጎን ማስገቢያ ካለሽ 9 ኢንቹን አውጥተሽ በ7 ኢንች ተኪው፣ በጎን 3 ተኩል ወይም 4 ኢንች ሁለት ጨምሪ። ማስገቢያው የኤፍሲኤስ ይሁን የፊውቸርስ (ሁለት የተለያዩ የፊን ዓይነቶች ናቸው) ሳታዪ አትግዢ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። የመሃሉ ፊን ረጅም ስንጥቅ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፦ ወደ ፊት ባስጠጋሽው ቁጥር ቦርዱ በቀላሉ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ባራቅሽው ቁጥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ይታወቃል። የጎን ፊኖቹ ሳይኖሩ ግን መሃሉን ብቻ ወደ 7 አታውርጂ፤ በሰፊ ቦርድ ላይ ጅራቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ቀዛፊ

መቅዘፊያውን በተመለከተ እኔ ልመልስ።

1.95 ለጠፍጣፋ ውሃ ልክ ነው። ለሞገድ ከቁመት በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለአንቺ ከ1.80 እስከ 1.85 መሆኑ ነው። የሚለካው ከምላጩ ጫፍ እስከ እጀታው አናት ነው። ሞገድ ላይ ጉልበት ታጥፎ ስለሚቀዘፍ ረጅም መቅዘፊያ የላይኛውን እጅ ከግንባር በላይ ይሰቅለዋል፤ ትከሻ ይደክማል፣ ከጎን ወደ ጎን ሲሻገርም ይጠላለፋል። በጣም ካጠረ ደግሞ ወገብ ያጎብጣል።

የሚስተካከል መቅዘፊያ ከሆነ መጋዝ አያስፈልግም፤ በ1.85 ጀምሪ። የማይስተካከል ከሆነ በአንዴ 15 ሴንቲ ሜትር አትቁረጪ። መጀመሪያ 10 ቁረጪ፣ ጥቂት ጊዜ ቅዘፊበት፣ ከዚያ የቀረውን ትወስኛለሽ። እጀታው አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው የተያያዘው። የጸጉር ማድረቂያ ወይም ሙቅ ውሃ አንገቱ ላይ አድርጊበትና ቀስ ብለሽ እየጠመዘዝሽ አውጪው። ካርቦኑ ራሱ እስኪያቃጥል ድረስ አታሙቂ፣ ፋይበሩን የሚያያይዘው ሬዚን ይላላል። መቁረጫው ቦታ ላይ ቴፕ ጠቅልዪ፣ ምልክት አድርጊ፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የብረት መጋዝ ዘንጉን እያዞርሽ ከሁሉም ጎን ቁረጪ። ከአንድ ጎን ብቻ ስትቆርጪ መጨረሻ ላይ ካርቦኑ ይሰነጠቃል። አፍሽንና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ የካርቦን ብናኝ አይተነፈስም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ። እጀታውን ስትመልሺ እንደገና በሚቀልጥ ሙጫ ይሁን እንጂ በኢፖክሲ (ተደባልቆ የሚደርቅ ጠንካራ ማጣበቂያ) አይሁን፤ ኢፖክሲ ከደረቀ ሁለተኛ ማስተካከል የለም። እጀታው ከምላጩ ጋር ትይዩ መሆኑን ሙጫው ሳይቀዘቅዝ አረጋግጪ።

ምላጩም ትልቅ ከሆነ አስቢበት። ለ70 ኪሎ ሰው ከ80 እስከ 90 ካሬ ኢንች ይበቃዋል። ከ100 በላይ የሆነ ምላጭ በሚወዛወዝ ቦርድ ላይ አንዴ ሲጎተት ጎትቶ ይጥላል።

ጸደይ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ሁሉ አልተነገረኝም ነበር። 98ቱን ትቼዋለሁ። ሌላ 9 ጫማ በ30፣ 128 ሊትር ተገኝቷል፤ እሱም ያገለገለ ነው። ጅራቱ አጠገብ መዳፍ የሚያህል የተጠገነ ነጭ ቦታ ይታያል። ሳየው ምን ልመርምር? የእግር ሊሹ (ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድ) ደግሞ እንደ ስልክ ገመድ የሚጠመዘዘው ዓይነት ነው፣ ያንኑ ልጠቀም?

ሙጫና ፎም

ጥገና መኖሩ አያስፈራም፣ በምን እንደተጠገነ ነው ጥያቄው። የእነዚህ ቦርዶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኢፒኤስ ፎም (እንደ ዕቃ ማሸጊያው ነጭ ፎም ያለ) ነው። ኢፒኤስ በኢፖክሲ እንጂ በፖሊስተር ሬዚን አይጠገንም፤ ፖሊስተሩ ውስጥ ያለው ስታይሪን ፎሙን ያቀልጠዋል። ከላይ ያማረ ነጭ ልጥፍ ይታይሻል፣ ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ስለዚህ ልጥፉን በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ እዪ፣ ከዚያ በሳንቲም ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልሽ አንኳኪ። ጤነኛው ቦታ ደረቅና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ደንዘዝ ካለ ወይም እንደ ባዶ ቆርቆሮ ካስተጋባ ፋይበርግላሱ ከፎሙ ተላቋል። እግር በብዛት የሚቆምበትን መሃሉንም እንዲሁ አንኳኪው።

ቀጥሎ ሚዛን። የሻንጣ ማንጠልጠያ ሚዛን ይዘሽ ሂጂ፤ ፊን፣ ሊሽና ማንኛውም ተጨማሪ ነገር ወልቆ ይመዘን። አምራቹ 8 ተኩል ኪሎ ያለው ቦርድ 9 ቢመጣ ግድ የለም፤ የላዩ ምንጣፍና የቀለም ልዩነት አለ። 10 ከደረሰ ግን ፎሙ ውሃ ጠጥቷል። ውሃ የጠጣ ኢፒኤስ መድረቁ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሙሉ በሙሉም ላይደርቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን በርካሽም አትውሰጂ።

ላዩ ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ ብሎን ታያለሽ። በካቻቢቴ የሚፈታ ከሆነ የጎማ ቀለበቱ አለመሰንጠቁን እዪ፤ ውሃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። እንዲህ ያለው በአውሮፕላን ሲጫን ወይም ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ሲተው ይላላል፣ ውሃ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ይጠብቃል። ራሱ የሚተነፍሰው ዓይነት ከሆነ አትንኪው። በመጨረሻ ፊን ማስገቢያዎቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልጊ። ፊን አስገብተሽ ወደ ጎን ስትወዘውዢው ማስገቢያው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጥገናው ቀላል አይደለም።

ሊሹን በተመለከተ፦ ጥምዝምዙ ለጠፍጣፋ ውሃ ነው። ሞገድ ላይ ቦርዱ ሲጎተት ይለጠጥና መልሶ እንደ ወንጭፍ ወደ አንቺ ይወረውረዋል። ቀጥ ያለ፣ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ርዝመቱ ከቦርዱ ጋር እኩል፣ ማለትም 9 ጫማ ግዢ። አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስተውልም፦ ሊሹን ከቦርዱ ጋር የምታስርበት ቀጭን ክር አጭር መሆን አለበት። ክሩ ረዝሞ እስከ ቦርዱ ጠርዝ ከደረሰ፣ በተጎተተ ቁጥር ፋይበርግላሱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ላይ ማረፍ ያለበት ሊሹ ጫፍ ላይ ያለው ሰፊው ጨርቅ ብቻ ነው።

ውሃ ልክ

9 በ30፣ 128 ሊትር ጥሩ ነው፤ ትርፍሽ 50 ኪሎ ግድም ይሆናል። ሙጫና ፎም ያለውን ካለፈ ግዢው።

የመጀመሪያ ጊዜ ሞገድ ይዘሽው አትውጪ። ጠፍጣፋ ውሃ ላይ፣ ነፋሱ ከ8 ኖት በታች በሆነበት ሰዓት፣ አንድ እግር ፊት አንድ እግር ኋላ ሆነሽ በሁለቱም ጎን ቅዘፊ። ከዚያ ወደ ጅራቱ ሄደሽ ቦርዱን በቦታው አዙሪው፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም። ሳትወድቂ ማዞር ስትችዪ ወደ ሞገዱ ሂጂ፣ ጉልበት ከማያልፈው ጀምሪ። የድሮውን ቦርድ አትሽጪው። ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስና ውሃው ሲንገጫገጭ ትንሹ ቦርድ ያደክማል እንጂ አያስተምርም።

አንድ የማይነገር ጉዳትም አለ፦ አጭር ቦርድ ሲቀዘፍ ዘገምተኛ ነው። በ10 ጫማ ከ6 ከሩቅ የምትይዢውን ሞገድ በ9 ጫማው አትይዢውም። ሞገዱ ከሚናድበት ቦታ ወደ ውስጥ ተጠግተሽ መጠበቅ፣ አጫጭርና ፈጣን አምስት ስድስት ቀዘፋ ማድረግ ይጠበቅብሻል።

ቀዛፊ

እሱን ካነሳህ ልቀጥል፤ ተጠግቶ መጠበቅ ማለት ተኝተው ከሚሰርፉት ጋር መቀላቀል ማለት ነው። ሞገዱ መናድ ከጀመረበት ቦታ በጣም የቀረበው ሰው ነው ባለ መብቱ፤ እሱ ከተነሳ አንቺ መቅዘፍ ታቆሚያለሽ። ቆመሽ ስለምትቀዝፊ ሞገዱን ከሁሉም ቀድመሽ ታዪዋለሽ፤ እያንዳንዱን ከያዝሽው ግን በአንድ ጠዋት የሁሉንም ጥርስ ታስነክሻለሽ። ሁለት አሳልፈሽ አንድ ያዢ። ስትመለሺም ሰዎች በሚወርዱበት በኩል ሳይሆን ዞረሽ፣ ሞገድ በማይናድበት ጥልቅ ውሃ በኩል ውጪ።

አረፋው መጥቶብሽ ማለፍ ግድ ከሆነ ፍጥነት ይዘሽ ግቢበት። ሊደርስብሽ አንድ ሜትር ሲቀረው የኋላ እግርሽን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አፍንጫው በትንሹ ይነሳ፣ ጉልበት ይታጠፍ። ምላጩን ከአረፋው ማዶ ተክለሽ ሳብ። ብዙ ሰው የሚወድቀው አረፋው ሲመታው ሳይሆን መቅዘፉን አቁሞ ሲጠብቀው ነው። ማለፍ ካልቻልሽ ከመዝለልሽ በፊት ወደ ኋላ ተመልከቺ፦ 9 ጫማ ቦርድና 9 ጫማ ሊሽ ተደምረው አምስት ሜትር ተኩል ይደርሳሉ፤ በዚያ ክልል ውስጥ ሰው ካለ ቦርዱን አትልቀቂ። ስትወድቂ በጀርባሽ ወይም በጎንሽ ጠፍ ብለሽ ውደቂ፣ በራስሽ አይሁን። በቦርዱና በሚመጣው ሞገድ መካከል ያለሽው አንቺ ሁኚ፤ ቦርዱ በዳር በኩል ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ሞገዱ ቦርዱን አንስቶ ፊትሽ ላይ ነው የሚያሳርፈው።

ጸደይ

ግልጽ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ 9 ጫማው አምስት የፊን ማስገቢያ አለው ብሏል ሻጩ። ሦስት ልክተት ወይስ አራት?

ሞገደኛው

በሦስት ጀምሪ፤ መሃሉ ከጎኖቹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ተለቅ ያለ። ሦስት ፊን የት ላይ እንደሚዞር ግልጽ አድርጎ ይነግርሻል፣ ለመማር ይመቻል። አራቱ መሃል ላይ ጎታች ስለሌለው ይፈጥናል፣ ግን የኋላ እግር አቀማመጥ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እግርሽ ከፊኖቹ ፊት ከቀረ ይደነድናል፣ አይዞርም። የፊን ብሎኖቹን እስኪይዙ ብቻ አጥብቂ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ የፕላስቲኩ ጥርስ ይበላል። ከጨው ውሃ ስትወጪ በንጹህ ውሃ እጠቢያቸው፣ ካልሆነ በሚቀጥለው ፊን ስትቀይሪ መፍቻው አይዛቸውም፣ ይንሸራተትባቸዋል።